የሚጠፋው ካሜራው ብቻ አይደለም

ሰው ለመንገድ ሲሰናዳ ሻንጣው ውስጥ የሚከተው ልብስና ስንቅ ብቻ አይደለም። ፍርሃቱንም ይከታል፤ በሌላው ሰው ላይ ያለውን እምነትና ጥርጣሬም አብሮ ይጠቀልላል። ስለዚህ "ይህን ዕቃ ልያዝ ወይስ ልተወው?" የሚለው ጥያቄ ቀላል ይምሰል እንጂ አንዳንድ ጊዜ ከዕቃው በላይ የሆነ ነገር ያስጠይቃል።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ክረምት ገብቷል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ከክበብ ጓደኞቹ ጋር ለሦስት ሳምንት ወደ ሰሜን ሸዋ ሊሄድ ነው እንበል። 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደብረ ብርሃን ያድራሉ፤ በማግሥቱ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አንኮበር ይዘልቃሉ። ቀን ችግኝ ይተክላሉ፣ ለአካባቢው ልጆች ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ማታ በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ይተኛሉ። ይህ ወጣት አባቱ የሰጡት ካሜራ አለው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዙን ቢያጠራቅም የማይገዛው ዓይነት ነው። ይውሰደው ወይስ ቤት ይተወው?

እናቱ "ምን ያደርግልሃል ልጄ? ጎመን በጤና! ቤት ይቀመጥልህ" ይሉታል። ጓደኛው ደግሞ "ታዲያ ለምንህ ነው? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብህ እኮ!" ይለዋል። ሁለቱም ተረት አላቸው፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። የአገራችን ተረትና ምሳሌ መቼም ለሁለቱም ተሟጋች ጥብቅና መቆም ያውቅበታል።

ብዙ ሰው ነገሩን የዕድል ሒሳብ አድርጎ ይፈታዋል። ይሰረቃል ወይስ አይሰረቅም? ይሰበራል ወይስ ይተርፋል? አደጋው ትንሽ ከመሰለው ይወስደዋል፣ ትልቅ ከመሰለው ይተወዋል። እኔ ግን ጥያቄው ከሒሳብ ይልቅ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴን ከማቅረቤ በፊት ግን የሁለቱን ወገን ሙግት በቅጡ መስማት ይገባል።

የእናትና የጓደኛ ሙግት

የእናትየው ስጋት ከንቱ አይደለም። የአንኮበር ክረምት ለካሜራ ወዳጅ አይደለም። ከተማዋ ከደጋው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል የአፋርን ቆላ ታያለች። እርጥቡ አየር ገደሉን ተከትሎ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ሆኖ ይሸፍናታል። ከዚያ ብርድ ወጥቶ ሰው ወደ ሞላበት ሙቅ ክፍል የገባ ካሜራ ሌንሱ ወዲያው ያልበዋል፤ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ደግሞ ጉዳቱ ለጥገና ያስቸግራል። ጭቃው አለ። አውቶቡስ ጣራ ላይ የሚወረወረው ሻንጣ አለ። ሃያ ሰው የሚያድርበት፣ ደህና ቁልፍ የሌለው በር አለ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

የጓደኛው ሙግትም ቀላል አይደለም። ካሜራ እንደ ወርቅ ተቆልፎበት ዋጋውን ጠብቆ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። ጨለማና እርጥበት ባለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር በመስተዋቱ ላይ ይዘረጋል፤ ሲቆይም የመስተዋቱን ልባስ ይበላዋል። የድሮው፣ ያለ ባትሪ የሚሠራው ካሜራ ደግሞ ሳይነካ ከኖረ ቅባቱ ይደርቅና መዝጊያው ይይዛል። እንዲህ ያለውን ካሜራ ከሌባ ማዳን ይቻል ይሆናል፤ ከሣጥኑ ግን አይድንም።

በመጠበቅና በመጠቀም መካከል ያለውን ይህን ሙግት ሰሜን ሸዋ ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። መንዝ ውስጥ ያለውን የጓሳ ምድር የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠብቀው እንደኖረ ይነገራል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም አያጭደውም፣ ከብት አይነዳበትም። ጊዜው ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ይከፈታል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ከብቱም ይተርፍበታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቀድሞውን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ኋላ ጥበቃውን በሌላ መልክ አደራጅቶታል፤ ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታዩበት ጥብቅ ሥፍራ ነው። የመንዝ ገበሬ ጓሳውን የዘጋው ሊከፍተው ነው። መክፈቻ ቀን የሌለው ጥበቃ ግን ምን ይባላል? ከመጣል በምን ይለያል?

የራምቦ ካሜራ

ውድ ካሜራ ይዞ ወደ ሩቅ አገር የመሄድን ነገር ካነሣን የፈረንሳዩን ባለቅኔ የአርተር ራምቦን ታሪክ ማስታወስ ግድ ይላል። ራምቦ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሐረር ላይ ነጋዴ በሆነበት ዘመን ከፈረንሳይ አገር፣ ከሊዮን ከተማ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጣ። ዋጋው 1,850 ፍራንክ ገደማ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነው። አውሮፓውያን ያላዩትን አገር እያነሣ መጽሐፍ ሊያወጣ አስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ላይ ያነሣቸውን ጥቂት ፎቶግራፎች ለእናቱ ላከ፤ ከእነዚያ መካከል ራሱን ያነሣባቸው ይገኙበታል። ሥዕሎቹ የነጡት የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ሲልም በደብዳቤው አመካኝቷል። ሐረር ውስጥ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ መነሣት እንደሚፈልግም ጽፏል።

እ.ኤ.አ. በ1885 ግን ካሜራውን ሸጠው። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንደ ነገራቸው፣ የሸጠው እያዘነ ነበር፤ ሆኖም አልከሰረበትም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887፣ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ የጫነ ቅፍለት እየመራ ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ አንኮበር ገባ። ንጉሡ ግን እዚያ አልነበሩም፤ ወደ እንጦጦ መዝለቅ ነበረበት። ካሜራም በእጁ አልነበረም።

እንግዲህ ራምቦ ብልህ ነጋዴ ነበር እንበል። ዕቃው አልተሰረቀበትም፣ አልተሰበረበትም፣ ገንዘቡንም አላጎደለበትም። በሒሳብ ከሄድን አልተሳሳተም። ነገር ግን የከሰረ ሰው አለ፤ የከሰርነው እኛ ነን። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዙ የሃሪስ መልእክት ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የመጣው ሥዕለኛ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ወረቀቱንና ቀለሙን ይዞ ስለመጣ የዚያን ዘመን ሸዋ ዛሬም በሥዕሎቹ እናያለን። በ1887 አንኮበር የደረሰው ሰው ያየውን ግን የምናውቀው ጽፎ በተወልን ጥቂት ቃል ብቻ ነው። ሐረርን ባየበት የካሜራ ዓይን አንኮበርን አላየም። አለመውሰድም ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ስለሆነ አይታወቀንም።

ሦስተኛው ወገን

እስካሁን የሰማናቸው ሙግቶች አንድ የሚጋሩት ጉድለት አላቸው። እናትየውም ጓደኛውም የሚያስቡት ስለ ባለካሜራው ነው፤ ምን ያጣል፣ ምን ያገኛል እያሉ። ጉዳዩ የሚነካው ሦስተኛ ወገን ግን አለ፤ እሱን ማንም አላማከረውም።

ካሜራው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠፋ እንበል። በዚያች ማታ የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። መጀመሪያ ሻንጣ ሁሉ ይፈተሻል። ሲዘምሩና ሲጫወቱ የሰነበቱ ልጆች ዓይን ለዓይን መተያየት ያቅታቸዋል። ከዚያ ጥርጣሬው ከክፍሉ ይወጣና ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ወደ ማን? ወደ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ወጥ ወደምትሠራላቸው ሴት፣ "እስቲ ልይበት" እያለ ሲለምን ወደ ሰነበተው እረኛ ልጅ። ማስረጃው ምንድን ነው? ድህነታቸው። "ምን ያድርግ፣ ቸግሮት ይሆናል" ይባላል፤ ቃሉ ርኅራኄ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ፍርድ ነው። ዘበኛው ፖሊስ ጣቢያ ይጠራል፤ ሚስቱ ስንቅ ይዛ ትከተለዋለች።

በሦስተኛው ቀን ካሜራው ከፍራሽ ሥር ተገኘ ብንልስ? ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ ይቅርታም ይጠይቁ ይሆናል። ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። ዘበኛው ግን እዚያው ይኖራል። ገበያ ሲወጣ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ "ያ በካሜራው ነገር የታሰረው" ይባላል። ካሜራው ተገኝቷል፤ የሰውየው ስም ግን ጠፍቶ ቀርቷል።

አንድ ዕቃ ሲጠፋ ስንት ሰው እንደሚጎዳ የጥንቱ የአገራችን ሥርዓት ያሳየናል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ልማድ አንድ ሰው ንብረቱ ሲጠፋበት የአካባቢው ሕዝብ በሙሉ ይሰበሰብ ነበር። እርሻው፣ አረሙ፣ አጨዳው ቆሞ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሰው ሜዳ ላይ ይውላል፤ የቀረ ይቀጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌባ ሻይ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና ራሱን ሲስት በወገቡ ገመድ አስረው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሸዋን የጎበኙ የውጭ ተጓዦች ሳይቀሩ ስለዚህ ልማድ ጽፈዋል። የሰከረ ልጅ ደጃፉ ላይ የወደቀበት ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ዛሬ ይህን ስንሰማ "ወይ ድንቁርና!" እንላለን። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ዕቃ በጠፋብን ቅጽበት ልባችን ሮጦ የሚወድቀው በማን ደጃፍ ላይ ነው? ያንን ልጅ መድኃኒቱ ያሰክረው ነበር፤ እኛን ደግሞ የሌላው ሰው የተቀደደ ጫማ ያሰክረናል። ልባችን ዛሬም ሌባ ሻይ ያጠጣል።

ስለዚህ ወጣቱ ራሱን መጠየቅ ያለበት "ይሰረቅብኝ ይሆን?" ብሎ አይደለም። "ቢጠፋብኝ ማንን አስከፍላለሁ?" ብሎ ነው። የሰረቀ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን ውድ ዕቃውን በየፍራሹ ላይ እያዝረከረከ የሚሄድ ሰው አንዱን ለፈተና፣ ብዙውን ለጥርጣሬ ያጋልጣል። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ የሚያጎድፈው ስም ግን የሌላ ሰው ነው።

ቤት መተው ያድናል ወይ?

"እንግዲያው ድሃ ባለበት አገር ውድ ዕቃ አይያዝ ልትለን ነው?" የሚል ሰው ይኖራል። አይደለም። እንዲያውም ካሜራውን ቤት መተውም ራሱ ስድብ ሊሆን ይችላል። "እነዚያ ሰዎች አይታመኑም" ብሎ የተወው ሰው ገና አንኮበርን ሳያይ፣ ዘበኛውን ሳያውቀው፣ እዚህ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ፈርዶበታል። የጠፋ ዕቃ ሳይኖር የተጠረጠረ ሰው አለ ማለት ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው መንገድ ለማያውቀው እንግዳ እንጀራና ጠላ የሚያቀርብ ባላገር ሞልቶ ሳለ ይህ ፍርድ ከየት መጣ? በሌላ በኩል ደግሞ ሌባ በከተማም በገጠርም አለ፤ "ባላገር ሁሉ ቅዱስ ነው" ማለትም ሰውን አለማወቅ ነው።

ነገሩ እንግዲህ ካሜራው የትም ይሁን የት አይደለም፤ ባለቤቱ ከካሜራው ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ግሪክኛ ተናጋሪው ፈላስፋ ኤፒክቴተስ ስለዚህ የሚያስገርም ነገር ነግሮናል። ባሪያ ሆኖ የኖረ፣ ኋላም ነጻ ወጥቶ ፍልስፍና ያስተማረ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ የነበረው የብረት መብራት አንድ ቀን ተሰረቀ። እሱም ነገ ከሸክላ የተሠራ እገዛለሁ ብሎ ነገሩን ተወው፤ ሰው የሚያጣው ያለውን ነው፤ ሌባውም ቢሆን ለአንድ መብራት ሲል ሌባ በመሆኑ ዕቃውን በውድ ገዝቶታል ብሎ አሰበ። ጎረቤት አልጠረጠረም፣ ቤት አላስፈተሸም። ሉቅያኖስ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው ያ የሸክላ መብራት ፈላስፋው ከሞተ በኋላ በሦስት ሺህ ድራክማ ተሽጧል። ብረቱ መብራት የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም።

እርግጥ ነው፣ ሁላችንም ኤፒክቴተስን አንሆንም። አንድ ቤተሰብ ተቸግሮ የገዛውን ዕቃ "ይሂድ" ማለት ቀላል አይደለም፤ ድሃ አገር ውስጥ ደግሞ ዕቃን መናቅ የሚያምርበት የተትረፈረፈለት ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን የፈላስፋውን ግማሽ መንገድ መሄድ ይቻላል። ከቤት ሳይወጡ በፊት "ይህ ዕቃ ቢጠፋ አዝናለሁ፤ ግን በማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም" ማለት ይቻላል። ይህን ማለት የቻለ ይውሰደው። ይህን ማለት ያቃተው፣ ካሜራውን ባሰበ ቁጥር ልቡ የሚመታ ከሆነ፣ ይተወው። እንዲህ ያለው ሰው ሦስት ሳምንት የሚያሳልፈው ከጓደኞቹና ከአንኮበር ሰው ጋር ሳይሆን ከሻንጣው ጋር ነው።

የማን ነው?

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ካሜራው በእርግጥ የወጣቱ ነው ወይ? አባቱ "ያንተ ነው፣ ሥራበት" ብለው ሰጥተውት ከሆነ ኪሳራውን መሸከም የሱ ፋንታ ነው። "አደራ ያዘው" ብለውት ከሆነ ግን፣ ወይም ከአጎቱ ተውሶት ከሆነ፣ ነገሩ ይለወጣል። በእኛ ዘንድ አደራ ከባድ ቃል ነው፤ "አደራ በላ" ከመባል የከፋ ስም ጥቂት ነው። በራስ ዕቃ መድፈር ጀግንነት ሊሆን ይችላል፤ በአደራ ዕቃ መድፈር ግን በሰው ገንዘብ ለጋስ መሆን ነው። ኤፒክቴተስም ቢሆን የተወው የራሱን መብራት እንጂ የጎረቤቱን አልነበረም።

የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ካሜራው እዚያ ደርሶ ምን ሊሠራ ነው የሚለው ነው። ፎቶግራፍ በግሪክኛ በብርሃን መጻፍ እንደ ማለት ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ በታየ ብርሃን ስሟን ወዳገኘችው ከተማ፣ ወደ ደብረ ብርሃን፣ የብርሃን ብዕር ይዞ መሄድ ደስ ይላል። ግን ስለማን ይጻፋል? ለማንስ? በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ደርሶ ያነሣው ፊልም ዓለምን ቀሰቀሰ፤ ብዙ እርዳታም አመጣ። ያ ካሜራ ባይወሰድ ኖሮ ብዙ ሰው ተረስቶ ይሞት ነበር። ያው ምስል ደግሞ ለብዙ ዓመታት በባዕድ ዓይን የኢትዮጵያ ብቸኛ መልክ ሆኖ ቀረ። በአንድ ካሜራ ሁለቱም ሆነ።

የእኛ ወጣት ዓለምን እንዲቀሰቅስ ማንም አይጠብቅበትም። የሚጠበቅበት ትንሽና ከባድ ነገር ነው። አንኮበር ላይ አንዲት ባልቴት "አንሣኝ ልጄ" ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ሲቆሙ እንደዚያው እንደ ቆሙ ማንሣት ነው፤ ሳያውቁ፣ እንጨት ተሸክመው ሲያቃስቱ አድብቶ ማንሣት አይደለም። "ፎቶውን እልክልዎታለሁ" ካለ ደግሞ መላክ ነው። ስንቱ ባላገር ነው የከተማ ልጅ አንሥቶት የሄደውን ፎቶግራፍ ዓመት ሙሉ የጠበቀ! ካሜራው ቢሰረቅ የተጎዳው ወጣቱ ነው፤ የተገባው ቃል ሳይፈጸም ሲቀር ግን የተሰረቁት እማማ ናቸው። ለዚህ ስርቆት አውጫጭኝ ጠርቶ የሚያውቅ የለም።

ወጣቱ እኔን ቢጠይቀኝ የምመልስለት እንግዲህ ይህንን ነው። ካሜራው የራስህ ከሆነ፣ የምትሠራበት ቁም ነገር ካለህ፣ በገዛ ትከሻህ ተሸክመህ በገዛ ራስጌህ የምታሳድረው ከሆነ፣ ቢጠፋም ማንንም ላለመጠርጠር ከወሰንክ ይዘኸው ሂድ። ጉሙንና ጭቃውን በላስቲክና በደረቅ ጨርቅ መከላከል ይቻላል፤ ከብርድ ወደ ሙቀት ስትገባ ከቦርሳው ሳታወጣ ትንሽ ማቆየት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን ተወው፤ እናትህም ደስ ይበላቸው። ስትተወው ታዲያ "የአንኮበር ሰው አይታመንም" ብለህ አትተወው፤ "እኔ ገና አልደረስኩም" ብለህ ተወው። ካሜራ ሁለተኛ ይገዛል፤ የዘበኛውን ስም ግን የሚሸጥ ሱቅ ደብረ ብርሃንም ሆነ አዲስ አበባ የለም።